ገመዱ ነው የጠፋን ወይስ ህጉ? ስለ ስበት፣ ስለ ዳርክ ማተርና ስለ ዩኒቨርሱ እንቆቅልሾች

ማሽላ የጠበቀ ሰው ወንጭፍ ያውቃል። እኔ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ቆመን ግሪሳ ስናባርር ድንጋዩን ወንጭፉ ውስጥ አድርገን ስናሽከረክረው እጃችን ላይ የሚሰማን ነገር ነበር፣ ገመዱ እጃችንን ይዞ ይጎትታል፣ ፍጥነት ስንጨምር ጉተታው ይብሳል፣ ቃጫው ያረጀ ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ ብጥስ ይልና ድንጋዩ ያልታሰበ ቦታ ይሄዳል። ያኔ ፊዚክስ የሚባል ነገር አላውቅም ግን ህጉን እጄ ያውቀው ነበር፦ በፍጥነት የሚዞር ነገር ጠንካራ ገመድ ይፈልጋል። ይሄን ያዙልኝ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው።

ይሄን ለመጻፍ ያነሳሳኝ "አንስታይን ተሳስቷል፣ ዳርክ ማተር የሚባል ነገር የለም" የሚል ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ከሦስት ሰው ስለተላከልኝ ነው። የላኩልኝ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ጥያቄያቸውም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ነገር ግን ቪዲዮው የ90 ዓመት ክርክር ወስዶ የመጨረሻውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሰጣቸው፣ ያውም የአንዱን ወገን። ስለዚህ ከስሩ ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቅርባችን እንጀምር። ፕላኔቶች ፀሐይን ሲዞሩ ገመዳቸው ስበት ነው። ገመዱ ከፀሐይ በራቃችሁ ቁጥር ይሳሳል፣ ኒውተን እንዳለው ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሩቅ ያለ ፕላኔት ቀስ ብሎ ካልዞረ ገመዱ አይዘውም። በእርግጥም እንደዛ ነው፣ ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎሜትር ይሮጣል፣ መሬት 30፣ ዳር ላይ ያለው ኔፕቱን 5.4 ብቻ። በጣም የሚያምር ነገር ነው፣ ምንም አይዛነፍም ለማለት ይቻላል። አሁን ይሄንኑ ወደ ጋላክሲ እንውሰደው። ጋላክሲም ይዞራል፣ ብርሃኑ በብዛት መሃል ላይ ተከማችቷል፣ ስለዚህ ዳር ያሉት ከዋክብት እንደ ኔፕቱን ዝግ ማለት አለባቸው። ቬራ ሩቢን የምትባል አሜሪካዊት የከዋክብት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ከኬንት ፎርድ ጋር ሆና ጎረቤታችንን የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ለካች፣ የሚያበሩ የጋዝ ደመናዎችን አንድ በአንድ እየመረጡ፣ 67 ቦታ፣ ብርሃናቸው ወደ ቀይ ወይ ወደ ሰማያዊ ምን ያህል እንደተገፋ እያዩ፤ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ወደ እናንተ ሲመጣ ድምፁ እንደሚቀጥንና ሲርቅ እንደሚወፍረው ማለት ነው፣ ብርሃንም እንደዛ ያደርጋል። ውጤቱ በ1970 ወጣ። ዳር ያሉት ዝግ አላሉም። መሃል አካባቢ ያሉት የሚሮጡትን ያህል ነው የሚሮጡት፣ በሰከንድ ከ200 ኪሎሜትር በላይ፣ መስመሩ አይወርድም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀጥላል። ከዛ በኋላ ሌሎች ጋላክሲዎች ተለኩ፣ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ደግሞ ከዋክብቱ ካለቁበት አልፎ ያለው ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ተለካ፣ እዛም ጠፍጣፋ።

እዚህ ላይ ስለ ሴትዮዋ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ1965 ፓሎማር በሚባለው ካሊፎርኒያ ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ በይፋ ተፈቅዶላት የሰራች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሽንት ቤቱ የወንድ ብቻ ነበር፣ እሷ ወረቀት በቀሚስ ቅርፅ ቆርጣ በሩ ላይ ያለው የወንድ ምስል ላይ ለጠፈችበት። ኖቤል ሳትሸለም በ2016 አረፈች፣ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ችግራችን ይሄ ነው፦ ድንጋዩ በጣም በፍጥነት ይዞራል፣ የምናየው ገመድ ግን ያንን ድንጋይ ሊይዝ የማይችል ስስ ነው፣ ሆኖም አይበጠስም። ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ከዛ በፊት በ1933 ኮማ በሚባል የጋላክሲዎች ስብስብ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይቶ "ጨለማ ቁስ" ብሎት ነበር፣ ብዙም የሰማው አልነበረም። መውጫው ሁለት ነው። ወይ የማናየው ሌላ ገመድ አለ፣ ማለትም ብርሃን የማይሰጥ ግን ክብደት ያለው ነገር ጋላክሲውን ከቦታል፣ ዳርክ ማተር የምንለው እሱን ነው። ወይ ደግሞ ስለ ገመድ ያለን ህግ ራሱ እዛ ድረስ አይሰራም።

ሁለቱም መውጫ በታሪክ አንዳንዴ ትክክል ሆኖ ያውቃል፣ እኔ ይሄን ነገር ከምንም በላይ ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ሁለቱም የደረሰው በአንድ ሰው ላይ ነው። ዩራነስ የምትባለው ፕላኔት መንገዷን እየሳተች አስቸገረች፣ ፈረንሳዊው ለ ቬሪየ ቁጭ ብሎ በወረቀት አሰላና "እዚህ ቦታ ያልታየ ፕላኔት አለ፣ እሱ ነው የሚጎትታት" ብሎ ወደ በርሊን ደብዳቤ ጻፈ፣ ደብዳቤው መስከረም 23 ቀን 1846 ደረሰ፣ በዛው ምሽት ጋለ የተባለው ተመራማሪ ቴሌስኮፑን ወደተባለበት አዞረና ኔፕቱንን አገኘው፣ ከተባለው ቦታ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ። የማይታየው ነገር እውነት ነበር። ከዛ ያው ለ ቬሪየ ሜርኩሪም እንደምትዛነፍ አገኘ፣ በጣም ትንሽ፣ በኋላ በተጣራው ልኬት በ100 ዓመት 43 አርክሰከንድ፣ አንድ አርክሰከንድ ማለት ደግሞ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው። በ1859 ለፀሐይ ቅርብ የሆነ ሌላ ፕላኔት መኖር አለበት አለ፣ ስም ሁሉ ወጣለት፣ ቩልካን ተባለ፣ አየነው ያሉም ነበሩ። ፕላኔቱ ግን አልነበረም። በኅዳር 1915 አንስታይን አዲሱን የስበት ንድፈ ሐሳቡን ይዞ ሲያሰላ ያችው 43 ቁጥር ቁልጭ ብላ ወጣች። እዚህ ላይ የተሳሳተው የኒውተን ህግ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሂሳብ አልገጥም ሲል የጠፋ ነገር ተገኘ፣ ሌላው አልገጥም ሲል ህጉ ተቀየረ፣ አስቀድሞ የሚለይበት ዘዴ ደግሞ አልነበረም።

አሁን ወደ ህጉን እንቀይር ባዮቹ። በ1983 ሞርደኻይ ሚልግሮም የሚባል እስራኤላዊ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ሐሳብ አወጣ። የሚሰራው ሬሆቮት ባለው ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ነው፣ ሬሆቮት ደግሞ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፣ እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች በግቢው አጠገብ አልፋችሁ ይሆናል። ሐሳቡ ሞንድ ይባላል፣ የተሻሻለ የኒውተን ህግ እንደማለት ነው። ምን አለ? የኒውተን ህግ የሚዛነፈው ርቀቱ ሲበዛ ሳይሆን ጉተታው ከመጠን በላይ ሲዳከም ነው አለ። ቁርጥ ያለ ወሰንም አስቀመጠ፣ ዛሬ ከልኬት የምናውቀው ዋጋ በሰከንድ ስኩዌር 1.2 ሜትር ሲካፈል ለ10 ቢሊዮን ነው። ይሄ ቁጥር እንዲሁ ስሙን ጠርተነው የምናልፈው አይደለም፣ ትንሽ እንቁም። ምድር ላይ ድንጋይ ስትለቁ በየሰከንዱ ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ይጨምራል። የሚልግሮም ወሰን ላይ ያለ ስበት ደግሞ አንድን የቆመ ነገር አንድ ሙሉ ዓመት ቢጎትተው በመጨረሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከጉንዳን ያንሳል። ከዚህ ወሰን በላይ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ምድር፣ ጨረቃ፣ ፕላኔቶች በሙሉ፣ ኒውተንና አንስታይን እንዳሉት ይሄዳል፣ ከወሰኑ በታች ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ሳይሆን ወደ ግማሽ ብቻ ነው የሚወርደው። ወደ ወንጭፉ ተመለሱና አስቡት፣ ገመዱ የሚሳሳው በዝግታ ከሆነ ዳር ያለው ድንጋይ ፍጥነቱን መቀነስ አያስፈልገውም፣ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቬራ ሩቢን ያየችው እሱን ነው።

ጠፍጣፋውን መስመር ለማግኘት ተብሎ የተሰራ ህግ ጠፍጣፋውን መስመር ቢያስገኝ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል፣ ትክክል ናችሁ፣ ያ ብቻውን ምንም አይደለም። የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከዛ አንድ ህግ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፣ የጋላክሲው የሚታይ ክብደት 16 እጥፍ ቢሆን የዙረቱ ፍጥነት በትክክል 2 እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ጋላክሲው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የታመቀ ይሁን የተበታተነ። ሚልግሮም ይሄን ሲጽፍ በጣም ደብዛዛና የተበታተኑ የሚባሉት ጋላክሲዎች ገና በቅጡ አልተለኩም ነበር፣ እነሱ ላይ የሚጠበቀውን ቀድሞ ጽፎታል። በ1990ዎቹ ስቴሲ ማክጎ የሚባል አሜሪካዊ እነዚህኑ ደብዛዛ ጋላክሲዎች ሲያጠና፣ ሰውየው ደግሞ የዳርክ ማተር ሰው ነበር፣ ዳታው የሚልግሮምን መስመር ተከትሎ አገኘው። በ2016 እሱና ባልደረቦቹ 153 ጋላክሲዎች ወስደው ወደ 2,700 የሚጠጉ ነጥቦች አንድ ግራፍ ላይ አደረጉ፣ በአንድ በኩል ከሚታየው ከዋክብትና ጋዝ የሚጠበቀው ስበት፣ በሌላ በኩል በእርግጥ የተለካው ስበት። ነጥቦቹ አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ተሰልፈው ቁጭ አሉ። እስቲ አስቡት፣ የማይታየው ዳርክ ማተር ከሚታየው በብዙ እጥፍ የሚበዛ ከሆነ፣ ጋላክሲው ደግሞ በህይወት ዘመኑ የተጋጨ፣ የፈነዳ፣ ጋዙን ያጣ ከሆነ፣ የሚታየውን ብቻ አይቶ የማይታየውን ይሄን ያህል አስተካክሎ መናገር እንዴት ተቻለ? የዳርክ ማተር ሰዎች በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ወደዚህ የሚጠጋ ነገር እናገኛለን ይላሉ፣ ያገኛሉም፣ ግን ካዩ በኋላ ነው፣ ቀድሞ የተናገረው ሚልግሮም ነው። እኔ እዚህ ላይ ሰውየውን አከብረዋለሁ። በዛ ላይ ያ ትንሽ ቁጥር የብርሃን ፍጥነትን ዩኒቨርሱ በሚሰፋበት መጠን አባዝታችሁ ለ6 ገደማ ብታካፍሉት ከምታገኙት ጋር ይቀራረባል፣ አጋጣሚ ይሁን ትርጉም ይኑረው ማንም አላረጋገጠም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን፣ ቪዲዮው ያላነሳውን። ሞንድ ጋላክሲ ላይ የሚያምረውን ያህል የጋላክሲዎች ስብስብ ላይ አይሆንለትም፣ ህጉን ቀይራችሁም ግማሽ ያህሉ ክብደት ይጎድላል፣ ማለትም የማይታይ ነገር ጨምሩ ሊላችሁ ነው፣ እሱን ለማስቀረት አልነበረም ወይ የተነሳነው? ከሁሉም የከበደው ማስረጃ ቡሌት ክላስተር የሚባለው ነው። ሁለት ትላልቅ የጋላክሲ ስብስቦች ተጋጭተው አንዱ በሌላው ውስጥ አልፏል። ገጠር መንገድ ላይ ሁለት የከብት መንጋ ፊት ለፊት ሲተላለፍ አይታችሁ ይሆናል፣ ከብቶቹ እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፣ አቧራው ግን መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዛም እንደዛ ነው የሆነው፣ ጋላክሲዎቹ አለፉ፣ ትኩሱ ጋዝ ግን እርስ በርሱ ተላትሞ መሃል ቀረ፣ በኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ይታያል። ልዩነቱ እዛ አቧራው ከከብቶቹ በብዙ ይከብዳል፣ ከሚታየው ክብደት አብዛኛው ጋዙ ነው። ስለዚህ ስበቱ የሚታየውን ብቻ የሚከተል ከሆነ መሃል ላይ፣ ጋዙ ጋ መሆን ነበረበት። በ2006 ተመራማሪዎች ከኋላ ያሉ ጋላክሲዎች ብርሃናቸው ምን ያህል እንደሚታጠፍ አይተው ስበቱ የት እንዳለ ካርታ ሰሩ፣ ስበቱ ያለው ጋዙ ጋ አይደለም፣ ካለፉት ጋላክሲዎች ጋር በግራና በቀኝ ሄዷል። ሳይላተም የሚያልፍ፣ የማይታይ፣ ከባድ ነገር አለ ማለት ነው። የሞንድ ሰዎች መልስ አላቸው፣ ኒውትሪኖ (ከሌላ ቁስ ጋር የማትነካካ በጣም ቀላል ቅንጣት) ይሆናል፣ ሌላ ያልታየ ተራ ቁስ ይሆናል ይላሉ፣ እኔ ግን እስካሁን ያሳመነኝ አላየሁም።

ሁለተኛው ደግሞ ከዩኒቨርሱ ልጅነት የመጣ ነው። ዩኒቨርሱ 380,000 ዓመት ሲሆነው የለቀቀው ብርሃን ዛሬም በሁሉም አቅጣጫ ይደርሰናል፣ ተዳክሞ ማይክሮዌቭ ሆኖ፣ ሙቀቱ ከፍፁም ዜሮ 2.7 ዲግሪ በላይ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ከ100,000 አንድ እጅ የሚሆን ሞቅ ቀዝቀዝ ያለ ዝንጉርጉር አለ። ያ ዝንጉርጉር ድምፅ ነው፣ ቃል በቃል፣ ያኔ ብርሃንና ቁስ ተጣብቀው እንደ አንድ ሾርባ ነበሩና ስበት ሲጨምቃቸው ብርሃን መልሶ ይገፋ ነበር፣ እየተጨመቀ እየተገፋ ሞገድ ሆነ። ከበሮ የሰራ ሰው ድምፁን ሰምቶ ቆዳውና እንጨቱ ምን እንደሆነ እንደሚያውቀው የፊዚክስ ሰዎችም ከሞገዱ ሾርባው ከምን እንደተሰራ ያነባሉ። ብርሃን የሚገፋው ተራ ቁስ አለ፣ ብርሃን የማይገፋው ግን ስበት ያለው ሌላ ነገርም አለ፣ ሁለቱ ሞገዱ ላይ የሚተዉት አሻራ ለየቅል ነው፣ በተለይ የሦስተኛው ሞገድ ቁመት ላይ። ፕላንክ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በለካው መሰረት ተራው ቁስ፣ እኛን፣ ከዋክብትን፣ ጋዙን ሁሉ ጨምሮ፣ 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ዳርክ ማተር 27፣ የቀረው 68 በመቶ ዳርክ ኢነርጂ፣ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ልብ በሉ፣ ይሄ ጋላክሲ ሳይኖር፣ ኮከብ ሳይኖር የተጻፈ ማስረጃ ነው፣ ከጋላክሲ ዙረት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ሆኖም ያንኑ መልስ ይሰጣል። ለእኔ ሚዛኑን ወደ ዳርክ ማተር የሚያዘነብለው ይሄ ነው።

የሞንድ ሌላው ችግር ለረጅም ጊዜ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ አለመሆኑ ነበር፣ ብርሃን እንዴት ይታጠፋል፣ ዩኒቨርስ እንዴት ይሰፋል ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም። በ2004 የኢየሩሳሌሙ ያኮብ በከንስታይን ሞንድን ከአንስታይን አንጻራዊነት ጋር ያጋባ ንድፈ ሐሳብ አቀረበ፣ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ከዛ ነሐሴ 17 ቀን 2017 መጣ። ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (ሞተው በጣም የታመቁ ከዋክብት) ተላትመው የስበት ሞገዱ ምድር ደረሰ፣ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ የጋማ ጨረር ብርሃኑ ደረሰ። 130 ሚሊዮን ዓመት አብረው ሮጠው በሁለት ሰከንድ እንኳ አልተለያዩም። የበከንስታይን የመጀመሪያው ቀመርና ሌሎች ብዙ የተሻሻለ ስበት ንድፈ ሐሳቦች ስበትና ብርሃን በተለያየ ፍጥነት እንዲሄዱ ያደርጉ ነበርና በአንድ ቀን ወደቁ፣ ሰዎች ዓመታት የደከሙበት ስራ ነው። ሳይንስ ምን ማለት ነው ብሎ ልጅ ቢጠይቀኝ የምነግረው ያንን ቀን ነው። በ2021 ደግሞ ስኮርዲስና ዝዎሽኒክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ስበት በብርሃን ፍጥነት የሚሄድበት፣ የዩኒቨርሱን የልጅነት ዝንጉርጉርም የሚገጥም አዲስ ቀመር አወጡ፣ ስለዚህ "ሞንድ ሞቷል" የሚለውም ትክክል አይደለም። ነገር ግን ቀመራቸው ውስጥ የጨመሩት ነገር በዩኒቨርሱ መጀመሪያ ላይ ልክ እንደ ዳርክ ማተር ነው የሚሰራው፣ እዚህ ላይ ሁለቱ ሰፈሮች ሳያስቡት ተቀራርበዋል ባይ ነኝ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጠፋው ገመድ ነው። ሌላ ጎራ ደግሞ አለ፣ የእነሱ ጥያቄ ዳርክ ማተር ሳይሆን ዳርክ ኢነርጂ ነው። በ1998 ሁለት ቡድኖች የሚፈነዱ ከዋክብትን አይተው ዩኒቨርሱ መስፋት ብቻ ሳይሆን እየፈጠነ እንደሚሰፋ አገኙ፣ በ2011 ኖቤል አገኙበት። ምን እንደሚገፋው አይታወቅም። የባዶ ቦታ ጉልበት ነው እንዳይባል ኳንተም ፊዚክስ ላይ ስታሰሉት ከሚታየው ጋር ያለው ልዩነት አንድ ብላችሁ 120 ዜሮ የምትደረድሩለት ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ አንዳንዶች ዳርክ ኢነርጂ የሚባል ነገር የለም፣ የአንስታይን ስበት ነው በትልቅ ርቀት ላይ መልኩን የሚቀይረው አሉ። ችግሩ እዚህ ሰፈራችን አንስታይን አንዲት ሳይሳሳት መገኘቱ ነው፣ በ2003 በታተመ ጥናት የካሲኒን መንኮራኩር የሬዲዮ ሲግናል በፀሐይ አጠገብ አሳልፈው ሲለኩ ከአንስታይን ቁጥር የነበረው ልዩነት ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ አይበልጥም። ታዲያ አዲሱ ስበት የት ተደበቀ? በ2004 ጀስቲን ኩሪና ደቡብ አፍሪካዊቷ አማንዳ ዌልትማን ያወጡት መልስ ስሙ ራሱ እስስት ነው። እስስት እንዳረፈችበት መልኳን እንደምትቀይር ተጨማሪው የስበት ኃይልም ቁስ በታመቀበት ቦታ፣ ምድር ላይ፣ ፀሐይ አጠገብ፣ ራሱን ያጠፋል፣ ባዶ ጠፈር ላይ ብቻ ይወጣል። ውብ ሐሳብ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አየር መጥጠው ባዶ ባደረጉት ዕቃ ውስጥ አተሞችን እየጣሉ እስስቷን ፈልገዋታል፣ አልተገኘችም፣ የምትደበቅበት ቦታም በጣም ጠቧል።

ከዛ ደግሞ የቁጥሮች ጠብ አለ፣ የሀብል ውጥረት ይሉታል። ዩኒቨርሱ ዛሬ በምን ፍጥነት ይሰፋል የሚለውን በሁለት መንገድ ማወቅ ይቻላል። አንደኛው ከልጅነት ፎቶው ተነስቶ አሁን ምን ያህል እንዳደገ ማስላት ነው፣ ፕላንክ 67.4 ይላል። ሁለተኛው በቀጥታ መለካት ነው፣ በአዳም ሪስ የሚመራው ቡድን በሚርገበገቡ ከዋክብትና በሚፈነዱ ኮከቦች ለክቶ 73 ይላል። ቁጥሩ ማለት በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመቱ ጋላክሲዎች በሰከንድ በዛን ያህል ኪሎሜትር ይራራቃሉ ነው። ድሮ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የስህተት መጠናቸው ሰፊ ስለነበር ይነካኩ ነበር፣ አሁን ሁለቱም ጠበቡና መሃላቸው ገደል ሆነ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መጥቶ የሪስን ርቀቶች ሲያጣራ ርቀቶቹ ትክክል ሆነው ተገኙ፣ ሆኖም ዌንዲ ፍሪድማን የምትመራው ቡድን በሌሎች ከዋክብት ለክቶ 70 አካባቢ ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ገና ነው። ሰዎች ይሄንንም ስበት ቀይረን እንፍታው ይላሉ፣ ብዙ ተሞክሯል፣ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል፣ አጭር ብርድ ልብስ እንደመልበስ ነው፣ ራሳችሁን ስትሸፍኑ እግራችሁ ይወጣል።

በቅርቡ በጣም ያነጋገረው ዴሲ ነው። አሪዞና ኪት ፒክ ተራራ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ላይ 5,000 ትናንሽ ሮቦቶች ተገጥመው እያንዳንዳቸው አንድ ጋላክሲ ላይ የብርሃን ክር ያነጣጥራሉ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው። በመጋቢት 2025 ወደ 14 ሚሊዮን ከሚጠጉ ጋላክሲዎችና ኳሳሮች (በጣም የሚያበሩ የሩቅ ጋላክሲ እምብርቶች) ያወጡት ውጤት ዳርክ ኢነርጂ ቋሚ ላይሆን እንደሚችል፣ እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ጠቆመ ነው ያልኩት፣ አረጋገጠ አላልኩም፣ በየትኛው የሱፐርኖቫ፣ ማለትም የሚፈነዱ ከዋክብት፣ ዳታ እንደደገፉት ጥንካሬው ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ ይለያያል፣ ሲግማ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚለካበት ነው፣ ፊዚክስ ላይ አገኘን የሚባለው 5 ሲግማ ሲሞላ ነው። ያው ዴሲ ግን ጋላክሲዎች በጊዜ ሂደት እንዴት እንደተሰባሰቡ ሲለካ ስበት አንስታይን እንዳለው እየሰራ ነው ያገኘው፣ ቢሊዮኖች ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶም። "አንስታይን ተሳስቷል" ብሎ ርዕስ የሚያወጣ ሰው ይሄን ሁለተኛውን አይነግራችሁም።

ዳርክ ማተርን በእጅ ለመያዝ የተደረገውም ድካም ቀላል አይደለም። አሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የተዘጋ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ ከመሬት በታች አንድ ኪሎሜትር ተኩል ላይ፣ 10 ቶን ፈሳሽ ዜኖን ታንከር ውስጥ አስቀምጠው አንዲት ቅንጣት መጥታ አንዱን አተም እንድትነካ እየጠበቁ ነው። ጣሊያን ተራራ ስርም ተመሳሳይ አለ። እስካሁን አልመጣችም። ይሄ የሞንድ ሰዎች የሚያነሱት ነጥብ ነው፣ አርባ ዓመት ፈልጋችሁ አጣችሁ ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ኒውትሪኖም በ1930 አለች ተብላ የተያዘችው በ1956 ነው፣ ያውም ከዚህ ይልቅ ምን እንደምትመስል እየታወቀ። አለመገኘት አለመኖር አይደለም፣ ግን ለዘላለም ሰበብ መሆንም አይችልም።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ የማይታይ ነገር አለ ባይ ነኝ፣ የዩኒቨርሱ የልጅነት ድምፅና የቡሌት ክላስተር ያንን እንዳምን አድርገውኛል። ነገር ግን ሚልግሮም ጋላክሲዎች ውስጥ ያገኘው ስርዓት እውነተኛ ስርዓት ነው፣ የዳርክ ማተር ተማሪዎች እሱን አጋጣሚ ነው እያሉ ሲያልፉት ያሳዝነኛል፣ ዳርክ ማተር ምን እንደሆነ የሚነግረን ፍንጭ እዛ ውስጥ ሊሆን ይችላልና። የላካችሁልኝን ቪዲዮ የሰራው ሰውም ቢሆን ጥያቄው ሳይሆን ጥድፊያው ነው የጎዳው።

አሁን እኔ ዓይኔን የጣልኩበት አንድ መለኪያ አለ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ንጹሁ እሱ ነው። ከፀሐይ፣ መሬት ከፀሐይ ባላት ርቀት 7,000 እጥፍ ብትርቁ ስበቷ ልክ የሚልግሮም ወሰን ላይ ይደርሳል። በሰፈራችን እንደዛ ተራርቀው የሚዟዟሩ ጥንድ ከዋክብት በሺዎች አሉ። እነሱ መሃል ልዩነት ሊያመጣ የሚችል ዳርክ ማተር አይኖርም፣ ቦታው በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ እዛ ላይ ህጉ ብቻውን ነው የሚፈተነው። ጋያ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የእነዚህን ጥንዶች እንቅስቃሴ ለክቷል። ኪዩ ህዩን ቼ የሚባል ኮሪያዊ በ2023 ዳታውን አይቶ ኒውተን ይዛነፋል፣ ሞንድ ይታያል አለ። ኢንድራኒል ባኒክና ባልደረቦቹ ከዛው ሳተላይት ዳታ ተነስተው ኒውተን ትክክል ነው፣ ሞንድ የለም አሉ። ጠባቸው በአብዛኛው የማይታይ ሦስተኛ ኮከብ ያለባቸውን ጥንዶች እንዴት እናውጣ የሚለው ላይ ነው፣ ምክንያቱም የተደበቀ ሦስተኛ ኮከብ ካለ ጥንዱ ህጉ ሳይቀየር ፈጥኖ ይታያል፣ እንደገና የማይታይ ነገር ነው ወይስ ህጉ የሚለው ጥያቄ ነው፣ በትንሹ። የጋያ ቀጣይ ትልቅ ዳታ በ2026 መጨረሻ ይወጣል ተብሎ ይጠበቃል፣ እዛ ላይ ሦስተኛዎቹን ኮከቦች ለይቶ ማውጣት ይቀላል። የሚፈለገው ልዩነት ይሄን ያህል ነው፦ እነዛ ከዋክብት አንዱ ሌላውን በሰከንድ ግማሽ ኪሎሜትር ገደማ ይዞራሉ፣ ሚልግሮም ትክክል ከሆነ በዛ ላይ 20 በመቶ ይጨምራል፣ 100 ሜትር በሰከንድ።